ጊት ፑል ወይ ቼክአውት ካረጋችሁ በኋላ የፎልደር ፐርሚሽን ሲቀየርባችሁ፦ ከየት እንደመጣ ማግኛና ማስተካከያ

ይሄን የምጽፈው እዚህ ጅማ ሁለትም ሶስትም ሆናችሁ አንድ ሰርቨር ላይ ለምትሰሩ ልጆች ነው፣ ኪቶ ፉርዲሳ የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ያላችሁም፣ መርካቶ አካባቢ ቢሮ ይዛችሁ ለቡና ነጋዴ ለፋርማሲ ምናምን ሲስተም የምትሰሩም። ማታ ደህና ሲሰራ ያመሸ ሲስተም ጠዋት ፑል ተደርጎ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል፣ ፎልደሩ ሲታይ ፐርሚሽኑ 775 (ኦውነሩም ግሩፑም ይጽፋል) የነበረው 755 (ኦውነሩ ብቻ ይጽፋል) ሆኗል፣ ግሩፑም ተቀይሯል፣ ኮዱን ደግሞ ማንም አልነካውም። ከዛ አንዱ ይመጣና ሲኤችሞድ 777 (ለሁሉም ሰው ሁሉን መፍቀድ ማለት ነው) ብሎ ይሄዳል፣ ሲስተሙ ይሰራል፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። 777 ምክንያቱን ይደብቅባችኋል እንጂ አይፈታላችሁም፣ በዛ ላይ የዳታቤዝ ፓስወርድ ያለበትን ፋይል ሰርቨሩ ላይ ላለ ዩዘር ሁሉ ክፍት ያደርገዋል። እባካችሁ እሱን ተዉትና በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ኮማንዶቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፣ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ። ሰርቨሩ ኡቡንቱ ነው ብዬ ነው የምሄደው።

መጀመሪያ ይሄን ያዙ

ጊት የፎልደር ፐርሚሽን የሚባል ነገር አያስቀምጥም። ለተራ ፋይል የሚያስቀምጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ 100644 ወይም 100755፣ ማለትም ፋይሉ ኤግዜኪዩት ይደረጋል ወይስ አይደረግም የሚለውን። ኦውነር የለም፣ ግሩፕ የለም፣ ፎልደሩ 775 ይሁን 700 ይሁን አያውቅም። ሰብቨርዥንም መርኩሪያልም እዚህ ላይ ከሱ ብዙ አይለዩም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ለሊኑክስ ከርነል ብሎ ሲጀምረው የኮድ ታሪክ መያዣ እንዲሆን ነው፣ ኮዱ የሚወርድበት ኮምፒውተር ላይ ማን ምን ይፈቀድለት የሚለው የዛ ኮምፒውተር ጉዳይ ነው።

እና «ጊት ፐርሚሽኑን ቀየረው» ሲባል የሆነው ምንድነው? ጊት ያለ ፎልደር ላይ ፐርሚሽን አይነካም። ግን ባዶ ፎልደርም አይዝም። ቼክአውት ብላችሁ ብራንች (የኮዱን ሌላ መስመር) ስትቀይሩ አንድ ፎልደር ውስጥ ጊት የሚያውቀው የመጨረሻው ፋይል ከጠፋና ሌላ ምንም ከሌለበት ፎልደሩን ራሱን ያጠፋዋል፣ ስትመለሱ እንደ አዲስ ይፈጥረዋል፣ አዲሱ ፎልደር ደግሞ በዛ ሰአት ኮማንዱን ባስነሳው ዩዘር ስምና በሱ ዩማስክ (አዲስ ነገር ሲፈጠር ከፐርሚሽኑ የሚቀነሰው፣ ደረጃ 4 ላይ አለ) ነው የሚፈጠረው። የድሮው ፐርሚሽን አብሮ ሞቷል።

በምሳሌ እንየው። ወደ አጋሮ አካባቢ ያለ የቡና መረከቢያ የደረሰኝ ፎቶ የሚጭንበት ሲስተም አላችሁ እንበል፣ ፎቶው «ፐብሊክ/አፕሎድስ» ውስጥ ይገባል፣ ፎልደሩ ውስጥ ጊት እንዲይዘው ብላችሁ «.ጊትኪፕ» የምትባል ባዶ ፋይል አስቀምጣችኋል። ሰርቨሩን ስታዘጋጁ ፎልደሩን 2775 (775 ሆኖ ከፊት ያለው 2 ደረጃ 5 ላይ የምናየው ሴትጂአይዲ ነው) አርጋችሁ ለዌብ ሰርቨሩ ግሩፕ ሰጣችሁት። ከዛ አንዱ ባግ ለማየት ብሎ አፕሎድስ ወዳልነበረበት የድሮ ብራንች ቼክአውት አረገ፣ .ጊትኪፕ ጠፋች፣ ፎልደሩ ባዶ ስለሆነ አብሮ ጠፋ፣ ወደ ሜን ሲመለስ ፎልደሩ መጣ ግን 755 ሆኖ በልጁ ስም። ስታተሱን ስታዩት ንጹህ ነው፣ ጊት የሚያውቀው ምንም ነገር ስላልተቀየረ። ፎቶ ከገባበት በኋላ ቢሆን ፎልደሩ አይጠፋም ነበር፣ ጊት የማይከታተላቸው ፋይሎች ስላሉበት። ለዚህ ነው ይሄ ነገር ገና አዲስ የተከፈተ ሲስተም ላይ የሚበዛው።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትነኩ እዩ

ሲኤችሞድ ከማለታችሁ በፊት ያለበትን ሁኔታ ቅዱት፣ አንዴ ካስተካከላችሁት ማስረጃው ይጠፋል።

ስታት ፐብሊክ/አፕሎድስ

ይሄ ፐርሚሽኑን በቁጥር፣ ኦውነሩን፣ ግሩፑን፣ ከስር ደግሞ አራት ሰአት ያወጣላችኋል፣ አክሰስ፣ ሞዲፋይ፣ ቼንጅ፣ በርዝ። እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ብዙ ሰው ቼንጅን ነው የሚያየው፣ ግን ቼንጅ ፎልደሩ ውስጥ ፋይል በገባ በወጣ ቁጥር ይታደሳል ስለዚህ ብዙ አይነግራችሁም። የሚያዋጣው በርዝ ነው። ፎልደሩን ከወራት በፊት ፈጥራችሁት በርዝ የዛሬ ጠዋት ካለ ያ ፎልደር የድሮው አይደለም፣ ጠፍቶ ተፈጥሯል ማለት ነው። በርዝ የድሮው ከሆነ ግን ፎልደሩ ያው ነው፣ ፐርሚሽኑን በቀጥታ የቀየረ ሰው ወይም ስክሪፕት አለ፣ ጊትን ተዉትና እሱን ፈልጉ። ኤክስት4 ዲስክ ያለው ኡቡንቱ 22.04 ላይ በርዝ ይታያል፣ በጣም የቆየ ሲስተም ላይ በቦታው ሰረዝ ልታዩ ትችላላችሁ።

ቀጥሎ መንገዱን በሙሉ እዩ፦

ኔምአይ -ኤል /ሆም/ዲፕሎይ/ሲስተም/ፐብሊክ/አፕሎድስ

ኔምአይን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ለፐርሚሽን ችግር ከሁሉ በፊት የማነሳው እሱን ነው። ከስር መሰረቱ ጀምሮ እያንዳንዱን ፎልደር ከነፐርሚሽኑ መስመር በመስመር ይዘረዝራል። አንዳንዴ አፕሎድስ ራሱ ደህና ሆኖ ከላይ ያለው አንዱ ፎልደር ነው ኤክስ (ኤግዜኪዩት) የሌለው፣ ኤክስ የሌለው ፎልደር ውስጥ ደግሞ ማለፍ አይቻልም። በተለይ ፕሮጀክቱን ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ልብ በሉ፣ ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ አዲስ ዩዘር ሲፈጠር ሆሙ 750 ነው የሚሆነው፣ ድሮ 755 ነበር። ሰርቨር ቀይራችሁ «ያው ኮድ እዛ ይሰራል እዚህ አይሰራም» የምትሉት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሆሙን ለሁሉም ከመክፈት ፕሮጀክቱን ወደ /ኤስአርቪ ማዞር ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ሰአቱን ከጊት ጋር አስተያዩ

ጊት ሪፍሎግ --ዴት=አይኤስኦ

ሪፍሎግ ሪፖው (ጊት የሚይዘው ፕሮጀክት) ላይ የተደረገ ቼክአውት፣ ፑል፣ ሪሴት ሁሉ ከነሰአቱ ያሳያችኋል። የፎልደሩ በርዝ 8:14 ላይ ሆኖ ሪፍሎጉ ላይም በዛው ሰአት «ቼክአውት» ካለ አገኛችሁት። ሰአቶቹ የሰርቨሩ ናቸው፣ ሰርቨሩ ዩቲሲ ላይ ከሆነ ከኛ 3 ሰአት ወደኋላ ነው፣ እሱን አስቡ። ሪፍሎጉ ላይ በዛ ሰአት ምንም ከሌለ ጊት ክሊን ማን እንዳረገ ጠይቁ፣ ክሊን -ኤፍዲ ጊት የማያውቃቸውን ፎልደሮች ያጠፋል፣ ኤክስ ከተጨመረበት ኢግኖር የተደረጉትንም ጨምሮ፣ እና ሪፍሎግ ላይ አይጻፍም። የዲፕሎይ ስክሪፕት ውስጥ -ኤፍዲኤክስ ካያችሁ የደንበኛችሁ ፎቶዎች አደጋ ላይ ናቸው፣ ዛሬውኑ አውጡት።

እዛም ከሌለ ዶከርን (ፕሮግራምን ለብቻው ኮንቴይነር ውስጥ የሚያስነሳውን) እዩ። ፕሮጀክት ፎልደሩ ኮንቴይነር ውስጥ ማውንት ተደርጎ ኮንቴይነሩ በሩት (ሁሉ የሚፈቀድለት ዋናው ዩዘር) የሚሮጥ ከሆነ የሚፈጥረው ነገር ሁሉ ውጪ ላይ በሩት ስም ነው የሚታየው። አሁንም ካልተገኘና ከተደጋገመ ኦዲትዲ (ፋይል ማን እንደነካ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ጫኑና ፎልደሩን አስጠብቁት፦

ሱዶ ኦዲትሲቲኤል -ደብሊው /ኤስአርቪ/ሲስተም/ፐብሊክ -ፒ ደብሊውኤ -ኬ ፐርም

በሚቀጥለው ሲደገም «ሱዶ ኦሰርች -ኬ ፐርም» ስትሉ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ዩዘር እንደነካው ይነግራችኋል። ማን ነው ማን ነው እያሉ ቡድን ውስጥ ከመካሰስ ያድናል፣ በዚህ ነገር የተቀያየሙ ልጆች አይቻለሁ።

ደረጃ 3፦ ኦውነሩ ሩት ከሆነ

ኦውነሩ ሩት ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው «ሱዶ ጊት ፑል» ነው፣ ሱዶ ኮማንዱን በሩት ስም ነው የሚያስነሳው። ጊት ፋይል ሲያድስ አሮጌውን አጥፍቶ አዲስ ይጽፋል፣ የሚጽፈው ደግሞ ባስነሳው ሰው ስም ነው፣ ስለዚህ በሱዶ ፑል ስታረጉ የተቀየሩት ፋይሎች ብቻ የሩት ይሆናሉ፣ የቀሩት የናንተ ሆነው ይቆያሉ፣ ግማሽ ግማሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። .ጊት ውስጥ ያሉትም ኦብጀክቶች እንደዛው ስለሚሆኑ በሚቀጥለው ያለ ሱዶ ስትሞክሩ ጊት ኦብጀክት ለመጨመር በቂ ፐርሚሽን የለም የሚል ኤረር ይሰጣችኋል፣ ከዛ መልሳችሁ ሱዶ ትላላችሁ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ከጊት 2.35.2 ወዲህ፣ በ2022 ኤፕሪል የወጣው ማለት ነው፣ ሪፖው የሌላ ዩዘር ከሆነ ጊት «ደቢየስ ኦውነርሺፕ» ብሎ እምቢ ይላል። ሪፖውን ሴፍ ዳይሬክተሪ (የምታምኗቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ጨምሩ ብሎ ራሱ ይነግራችኋል፣ ብዙ ሰውም በፎልደሩ ስም ቦታ ኮከብ (*) አርጎ ሁሉንም ይፈቅዳል። አታርጉት፣ ጥበቃው የመጣው ሌላ ሰው ባስቀመጠው ሪፖ ውስጥ ያለ ኮንፊግ በናንተ ስም ኮማንድ እንዳያስነሳ ነው። ኦውነሩን አስተካክሉና ለኦውነሩ ዩዘር ኤረሩ ራሱ ይጠፋል፣ ሌሎቻችሁም በራሳችሁ ስም እዛው ጊት የምትሉ ከሆነ የዚህን ሪፖ መንገድ ብቻ ጨምሩ፦

ሱዶ ሲኤችኦውን -ትልቁ አር ዲፕሎይ:ዌብቡድን /ኤስአርቪ/ሲስተም

ዲፕሎይ ፑል የሚያደርገው አንዱ ዩዘር ነው፣ ዌብቡድን ደግሞ እናንተም ዌብ ሰርቨሩም ያላችሁበት ግሩፕ። ግሩፑ ከሌለ በግሩፕአድ ፈጥራችሁ ሰዉን አስገቡ፣ ግሩፕ ውስጥ የገባ ሰው ወጥቶ እንደገና ሎግኢን እስካላደረገ ድረስ አይሰራለትም፣ ዌብ ሰርቨሩም ሪስታርት ይፈልጋል። ፒኤችፒ ከሆነ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤምንም ሪስታርት አርጉ።

ደረጃ 4፦ ዩማስክ

ዩማስክ አዲስ ነገር ሲፈጠር የሚቀነሰው ነው። 022 ከሆነ ፎልደር 755 ይወጣል፣ 002 ከሆነ 775፣ 077 ከሆነ 700። የሚያወዛግበው ነገር ያው አንድ ሰው በተለያየ በር ሲገባ የተለያየ ዩማስክ ሊኖረው መቻሉ ነው፣ በኤስኤስኤች ገብቶ ሲያደርገው 002፣ ያንኑ ስክሪፕት ክሮን (ስራን በተቀጠረለት ሰአት የሚያስነሳው) ሲያስነሳው 022፣ በሲስተምዲ ሰርቪስ ሲሮጥ ደግሞ ዩኒቱ ላይ ካልተጻፈ 022 ነው። ስለዚህ ተርሚናላችሁ ላይ «ዩማስክ» ብላችሁ ያያችሁትን አትመኑ፣ የዲፕሎይ ስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ ራሳችሁ ጻፉት፦

ዩማስክ 002

በቃ፣ ከዛ ማንም ከየትም ቢያስነሳው አንድ አይነት ይወጣል።

ደረጃ 5፦ ማስተካከያውን ከላይ ባለው ፎልደር ላይ አርጉት

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚሁ ጋ ነው። አፕሎድስ ላይ ምንም ያህል ቆንጆ ፐርሚሽን ብታስቀምጡ አፕሎድስ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ማስቀመጥ ያለባችሁ የማይጠፋው እናቱ ላይ ነው፣ እዚህ ምሳሌ ላይ ፐብሊክ ላይ፣ አዲስ የሚፈጠር ልጅ ከእናቱ እንዲወርስ።

ሱዶ ሲኤችሞድ ጂ+ኤስ /ኤስአርቪ/ሲስተም/ፐብሊክ
ሱዶ ሴትኤፍኤሲኤል -ኤም ጂ:ዌብቡድን:አርደብሊውኤክስ /ኤስአርቪ/ሲስተም/ፐብሊክ
ሱዶ ሴትኤፍኤሲኤል -ዲ -ኤም ጂ:ዌብቡድን:አርደብሊውኤክስ /ኤስአርቪ/ሲስተም/ፐብሊክ

የመጀመሪያው ሴትጂአይዲ ነው፣ ውስጡ የሚፈጠር ሁሉ ግሩፑን ከፎልደሩ እንዲወስድ ያረጋል፣ በኤልኤስ ስታዩት የግሩፑ ኤክስ የነበረበት ቦታ ላይ ኤስ ይታያል። ግን ሴትጂአይዲ ግሩፑን ብቻ ነው የሚያወርሰው፣ መጻፍ መቻልን አያወርስም፣ ዩማስኩ 022 ከሆነ ግሩፑ ትክክል ሆኖ አሁንም መጻፍ አይችልም። ሶስተኛው መስመር ያን ይዘጋል፣ ዲፎልት ኤሲኤል (ለተጨማሪ ዩዘርና ግሩፕ የሚሰጥ የፐርሚሽን ዝርዝር) ካለ ሊኑክስ ለአዲስ ነገር ዩማስኩን ትቶ ኤሲኤሉን ነው የሚያየው። ኤልኤስ ላይ ፐርሚሽኑ መጨረሻ + ምልክት ካያችሁ ኤሲኤል አለ ማለት ነው፣ ዝርዝሩን በጌትኤፍኤሲኤል ታያላችሁ። ቀድሞ ላሉት ፎልደሮች አይደርስም፣ ለነሱ እነዚሁኑ ኮማንዶች አንዴ በየፎልደሩ ላይ መድገም ነው።

.ጊት ፎልደሩን በሚመለከት ብዙ ሰው ያው ሪፖ ውስጥ ገብቶ ኮሚት የሚያደርግ ከሆነ «ጊት ኮንፊግ ኮር.ሼርድሪፖዚተሪ ግሩፕ» አርጉለት። ይሄ .ጊት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚነካው፣ የፕሮጀክቱን ፋይሎች አይመለከትም።

ከዚህም የተሻለው ግን ሰው የሚጭነውን ነገር ከሪፖ ውስጥ ማውጣት ነው። ፎቶዎቹን /ኤስአርቪ/ሲስተም-ዳታ ውስጥ አስቀምጡ፣ ፐብሊክ ውስጥ ሲምሊንክ (ወደዛ የሚጠቁም አቋራጭ) አርጉና ሲምሊንኩን ጊትኢግኖር ላይ ጻፉት፣ .ጊትኪፕ የነበረችውንም ከሁሉም ብራንች አውጧት። ጊት ፎልደሩ ጋ አይደርስም፣ ብራንች ብትቀያይሩም ምንም አይሆንም፣ ባክአፕ ለማድረግም ይመቻል። አዲስ ፕሮጀክት እየጀመራችሁ ከሆነ በቀጥታ ከዚህ ጀምሩ።

ሁክ (ጊት አንድ ስራ ሲሰራ ራሱ የሚያስነሳው ስክሪፕት) መጠቀምም ይቻላል፣ .ጊት/ሁክስ ውስጥ ፖስት-ቼክአውትና ፖስት-መርጅ ላይ የሲኤችሞድ መስመር ጽፎ። እኔ ብዙ አልመክረውም፣ ሁክ ክሎን ስታረጉ አብሮ አይመጣም፣ ሪሴት --ሃርድ ደግሞ ፖስት-ቼክአውትን አይጠራውም፣ ስለዚህ አንዳንዴ ይሰራል አንዳንዴ አይሰራም። ኦውነሩ ያልሆነ ሰው ካስነሳውም ሲኤችሞዱ ራሱ እምቢ ይላል።

በፍላሽ ኮድ ለምትቀባበሉ

ዳታ ውድ ሲሆን ወይ ኔትወርኩ ሲጠፋ ፕሮጀክቱን በፍላሽ ኮፒ አርጎ መስጠት የተለመደ ነው። ፍላሹ ፋት32 ወይ ኤክስፋት ከሆነ የሊኑክስ ፐርሚሽን መያዝ አይችልም፣ ስትመልሱት ማውንት እንደተደረገበት ሁኔታ ወይ ፋይሉ ሁሉ ኤግዜኪዩት ያገኛል ወይ ስክሪፕቶቹ ሁሉ ያጣሉ። ከዛ ጊት ስታተስ አንድ ፊደል ያልነካችሁትን ፕሮጀክት በሙሉ ተቀይሯል ይላችኋል፣ ጊት ዲፍ ስትሉ «ኦልድ ሞድ 100644፣ ኒው ሞድ 100755» ብቻ ነው የሚወጣው። እንደዛ ሆኖ ሳለ አድ ነጥብ ብላችሁ ኮሚት ካረጋችሁ ለሌሎቹም ታስተላልፉታላችሁ።

በፎልደር ፈንታ ባንድል ስጡ፦

ጊት ባንድል ክሪኤት ሲስተም.ባንድል --ኦል

ሙሉ ታሪኩ አንድ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ የፋይሎቹ ኤግዜኪዩትም ውስጡ ስለተጻፈ ፍላሹ ምንም አይነት ቢሆን አይበላሽም። ተቀባዩ «ጊት ክሎን ሲስተም.ባንድል» ይላል፣ ሪፖው ቀድሞ ካለው ደግሞ ከባንድሉ ፑል ያረጋል። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ከዛ የሚበልጥ ሪፖ ግን እኛ ጋ ብዙም አይገጥምም። ኮሚት ያልተደረገ ስራ ባንድል ውስጥ አይገባም፣ ቀድማችሁ ኮሚት አርጉ።

ዊንዶውስ ላይ በደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ የሚሮጥ ሊኑክስ) ሲ ድራይቭ ውስጥ የምትሰሩም ይሄው ይገጥማችኋል፣ እዛ ሁሉም 777 ሆኖ ነው የሚታየው። ፕሮጀክቱን ወደ ሊኑክሱ ሆም አዛውሩት፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። የማትችሉ ከሆነ በዛ ኮምፒውተር ብቻ «ጊት ኮንፊግ ኮር.ፋይልሞድ ፎልስ» አርጉ፣ ጊት ኤግዜኪዩቱን ማየት ያቆማል። ይሄ ለፋይል ነው፣ ለፎልደር ችግር ሰርቨር ላይ እሱን ብታረጉት ምንም አይፈይድም።

777 ቀድሞ ተደርጎ ከሆነ

አንድ ሰው በሙሉ ፕሮጀክቱ ላይ 777 አርጎ ከሄደ መጀመሪያ ፎልደርና ፋይሉን ለዩ፣ ፕሮጀክቱ ውስጥ ገብታችሁ፣ የ.ጊት ፎልደሩን ሳትነኩ፦

ፋይንድ . -ኖት -ፓዝ «./.ጊት» -ኖት -ፓዝ «./.ጊት/*» -ታይፕ ዲ -ኤግዜክ ሲኤችሞድ 775 {} +
ፋይንድ . -ኖት -ፓዝ «./.ጊት/*» -ታይፕ ኤፍ -ኤግዜክ ሲኤችሞድ 664 {} +

ፓዙን ነጠላ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። አሁን ስክሪፕቶቹም ኤግዜኪዩት አጥተዋል፣ ግን የትኞቹ እንደነበሩ ጊት ያውቃል፦

ጊት ኤልኤስ-ትሪ -አር ሄድ | ግሬፕ 100755

ሄድ በትልልቅ ፊደል ነው የሚጻፈው። የሚወጡትን ፋይሎች ብቻ ሲኤችሞድ +ኤክስ አርጓቸው። ፓስወርድ ያለበትን የኤንቭ ፋይል 640 አርጉት፣ ግሩፑ ዌብቡድን መሆኑን አይታችሁ። ከዛ የደረጃ 5ን ሴትጂአይዲና ኤሲኤል እንደገና አስገቡ፣ እነዚህ ኮማንዶች ከኤሲኤሉ ጋር ሊጋጩ ስለሚችሉ ቅደም ተከተሉን አታዙሩ።

ማረጋገጫ

ተስተካክሏል ብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ችግሩን ራሳችሁ አስደግሙት፣ ቴስት ሰርቨር ላይ ቢሆን ይመረጣል። በዌብ ሰርቨሩ ዩዘር ስም ፋይል ለመፍጠር ሞክሩ፣ ኡቡንቱ ላይ ሶስት ደብሊው ሰረዝ ዳታ የሚባለው ነው፣ «ሱዶ -ዩ» ብላችሁ በሱ ስም ታች ፐብሊክ/አፕሎድስ/ሙከራ። ከሰራ ሙከራን አጥፏትና አፕሎድስ ወዳልነበረበት የድሮ ብራንች ሂዱ፣ ተመለሱ፣ ያንኑ ታች እንደገና ሞክሩ። ከዛ ሌላኛው ልጅ በራሱ አካውንት ገብቶ ይሄንኑ ያርገው፣ ክሮን ካላችሁም ክሮኑ አንዴ እስኪሮጥ ጠብቁ። በሶስቱም መንገድ ስታት ላይ ያው ግሩፕና ያው ፐርሚሽን ከወጣ አልቋል፣ አንዱ ላይ ብቻ ከተለየ የዛኛውን በር ዩማስክና ኦውነር ከደረጃ 3 ጀምራችሁ እዩ።